የላዳ ዲፈረንሻልና የፈረስ እርምጃ፦ በፈረስ የሚጎተት የስንዴ ማጨጃ አሠራር

በፈረስ የሚጎተት የእህል ማጨጃ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ወደ ሱቄ ሲመጣ ወሬውን የሚጀምረው ከብረቱ ነው። ላሜራው ስንት ሚሊ ይሁን፣ ቱቦላሬው ስንት በስንት ይሁን፣ በስንት ብር ያልቃል። እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ፈረሶቹ ነው። ስንት ናቸው? ጋሪ ለምደዋል ወይ? ጭነት ይዘው 20 ሜትር በስንት ሰከንድ ይሄዳሉ? ሞተር የሌለው ማሽን ጉልበቱንም ፍጥነቱንም የሚያገኘው መሬት ላይ ከሚሽከረከረው ጎማ ነው። ጎማው የሚዞረው ፈረሱ በተራመደው ልክ ነው፤ ቢላዋውም የሚመላለሰው ጎማው በዞረው ልክ ነው። ስለዚህ ከማርሽ ጥርስ ቁጥር ጀምሮ ያለው ልኬት ሁሉ የሚወጣው ከፈረሱ እርምጃ ነው። ይህን ሳይለኩ ብረት መቁረጥ ብረቱንም ጊዜውንም ማባከን ነው።

የምሠራው መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ አጠገብ ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው ከበሬ በእግር የሚደረስበት ቦታ ይገኛል፦ ያገለገለ ዲፈረንሻል (የመኪናን የኋላ ጎማዎች የሚያዞረው ማርሽ ከነቤቱ)፣ የሞተር ሳይክል ካቴና (ሰንሰለት)፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ አንጎላሬ፣ ቱቦላሬ። ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚጠርብ ማሽን) የሚፈልገውን ሥራ ተክለ ሃይማኖት በኩል ወስጄ አሠራለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ የምከተለውን አካሄድ ነው፤ ብየዳና ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) የሚችል ሰው ሊሠራው ይችላል።

መጀመሪያ ለማን እንደሚሆን ልናገር። ስንዴና ገብስ የሚያመርት፣ ማሳው ትንሽ ወይም ተዳፋት ሆኖ ኮምባይነር የማይገባለት ገበሬ ይጠቀምበታል። ከማጭድ ይፈጥናል። ኮምባይነር ገለባውን ማሳው ላይ በትኖ ይሄዳል፤ ይህ ግን እህሉን ከነአገዳው አጭዶ ለነዶ ያዘጋጃል፣ ጭዱም ለከብቱ ይተርፋል። ለጤፍ ግን አልሠራውም። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው፣ ሲደርስም ይተኛል፤ የተኛ ጤፍ በማጨጃው ጣቶች (እህሉን ከፊት በሚከፍሉት ሹል ብረቶች) መካከል እየተጠቀለለ ቢላዋውን ያንቀዋል። ለጤፍ ማጭዱ ይቆይ።

መቁረጫው የት ይሁን?

ፓትሪክ ቤል የሚባል የስኮትላንድ ሰው፣ በኋላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1828 ማሳ ላይ ያሠማራው ማጨጃ ቢላዋው ከፊት፣ ፈረሶቹ ከኋላ ነበሩ። ፈረሶቹ ያልታጨደ እህል እንዳይረግጡ ማሽኑን እንዲገፉት አደረገ። ሐሳቡ የሚከበር ነው፤ ግን ፈረስ ሲገፋ ማሽኑን ማቅናትና ማዞር ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳይረስ ማኮርሚክ በ1831 ቨርጂኒያ ውስጥ አሳይቶ በ1834 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ማሽን፣ እንዲሁም ኦቤድ ሃሲ በ1833 መብት ያወጣበት፣ ፈረሶቹን ከፊት አድርገው ቢላዋውን ወደ ጎን አወጡት። ፈረሶቹ በታጨደው መሬት ላይ ይሄዳሉ፣ ቢላዋው በጎናቸው ያልታጨደውን ይቆርጣል። ከዚያ ወዲህ በፈረስ የተጎተተ ማጨጃ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን መንገድ ይዟል። የእኛም ፈረስ የሚያውቀው ጋሪ መጎተት ነው። ስለዚህ የመቁረጫውን ክንድ ከጎማዎቹ በስተቀኝ አውጡት።

ማኮርሚክ ሲነሳ ጆ አንደርሰንም መነሳት አለበት። በማኮርሚክ ቤተሰብ እርሻ በባርነት ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ ያንን ማሽን በቀጥቃጭ ቤቱ ውስጥ አብሮ ሠርቷል። ስሙ ለረጅም ጊዜ ሳይነሳ ቀርቷል። እኔም ብረት ቀጥቅጬ የማድር ሰው ነኝና ስሙን ሳልጠራ ማለፍ አልፈልግም።

ዲፈረንሻሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል፤ ዛሬ ብዙው እየተፈታ በመለዋወጫ መልክ ይሸጣል። የኋላ ዲፈረንሻሉ ከነጎማው፣ ከነፍሬኑ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ሁለቱንም ጎማ ወደ ሥራ ያስገባል፣ ማርሹ ዘይት ውስጥ ተዘግቶ ስለሚዞር አቧራና ገለባ አይነካውም። የድሮዎቹ ማጨጃዎች ማርሻቸው ክፍት ነበር፤ አሸዋው በልቶ ይጨርሰው ነበር።

የላዳ ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ኮሮናው (ትልቁ ማርሽ) 43፣ ፒኞኑ (ትንሹ ማርሽ) 10 ጥርስ ከሆነ 4.3 እጥፍ ያዞራል። 41 በ10 ከሆነ 4.1፣ 43 በ11 ከሆነ 3.9። ሻጩ ሁሉም አንድ ነው ሊላችሁ ይችላል። ሳትፈቱት ማወቅ ይቻላል፦ አንዱን ጎማ ሰው ይያዝላችሁ፣ ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፣ ፒኞኑ ላይ በኖራ ምልክት አድርጋችሁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ከአራት ዙር በላይ ሲሦ ገደማ ከሄደ 4.3 ነው፤ አራት ሳይሞላ ከቆመ 3.9 ነው። እኔ የምመርጠው 4.3ን ነው።

አንድ ገዢ ሁሉ የሚፈራው ነገር አለ፦ «ታክሲ ላይ የከረመ ማርሽ አልቆ ይሆናል።» እዚህ ላይ ልብ በሉ። መኪና ውስጥ ሞተሩ ፒኞኑን፣ ፒኞኑ ኮሮናውን ይገፋል፤ ስለዚህ የጥርሱ አንደኛው ፊት ይበላል። በእኛ ማሽን ግን ጎማው ነው ኮሮናውን የሚያዞረው፣ ኮሮናው ፒኞኑን። ዲፈረንሻሉን ልክ መኪናው ላይ እንደነበረው ፒኞኑን ወደ ፊት አድርጋችሁ ካሰራችሁት ጭነቱ የሚያርፈው በሌላኛው የጥርስ ፊት ላይ ነው፣ መኪናው ቁልቁል በማርሽ ሲወርድ ብቻ በሚሠራው። ያ ፊት ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ሁለት ፈረስ የሚያመጣው ጉልበትም ከመኪና ሞተር ጋር አይወዳደርም። ፒኞኑን ወደ ኋላ ካዞራችሁት ግን ያንኑ ያለቀውን ፊት መልሳችሁ ታሠሩታላችሁ።

የእጅ ፍሬኑን አትጣሉት። ገመዱን እስከ መቀመጫው አምጡና ማንሻ ሥሩለት። ተዳፋት ላይ ማሽኑ ወደ ፈረሶቹ እግር እንዳይንደረደር ይይዘዋል።

ዲፈረንሻሉን በይዳችሁ ሁለቱ ጎማ አብረው እንዲዞሩ አድርጉት የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ቢላዋው እንዳይቆም። አልመክርም። ማሳው ጫፍ ላይ ሲዞር አንዱ ጎማ መጎተት ይጀምራል፣ ምሰሶው (በፈረሶቹ መካከል የሚያልፈው ረጅም እንጨት) ይጣመማል፣ ያ ሁሉ የሚያርፈው በፈረሶቹ ትከሻ ላይ ነው። የሕዳርና የታኅሣሥ መሬት ደረቅ ነው። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ከገጠማችሁና የነጂው መቀመጫ ከአክሱ (ሁለቱን ጎማ ከሚያገናኘው ዘንግ) በላይ ከሆነ በቂ ጭነት ያገኛል።

ስሌቱ

ፈረሶቹን የተጫነ ጋሪ አስጎትታችሁ 20 ሜትር በገመድ በተለካ መንገድ አስኪዱና በስልክ ሰዓት ያዙ። 18 ሰከንድ ከፈጀባቸው በሰከንድ 1.1 ሜትር ነው፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ። የላዳ 13 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 1.87 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ጎማችሁ ላይ ሰው አስቀምጣችሁ በኖራ ለኩት፣ ንፋሱ ከጎደለ ያጥራልና። እንግዲህ ጎማው በደቂቃ 35 ጊዜ ይዞራል። በ4.3 ስታበዙት ፒኞኑ 151 ይሆናል። ይህ ለቢላዋ አይበቃም።

ሁለተኛው ማባዣ የሞተር ሳይክል ካቴና ነው። ፒኞኑ ላይ 45 ጥርስ ያለውን የኋላ የካቴና ማርሽ፣ ቢላዋውን በሚነዳው ዘንግ ላይ 13 ጥርስ ያለውን የፊቱን አስገቡ። 45 ለ13 ሲካፈል 3.46 ነው፤ ዘንጉ በደቂቃ 525 አካባቢ ይዞራል። በአንድ ዙር ቢላዋው አንዴ ሄዶ አንዴ ይመለሳል፤ መሄዱንም መመለሱንም ለየብቻ እንደ አንድ ምልልስ ስንቆጥር በሰከንድ አሥራ ሰባት ተኩል ምልልስ ማለት ነው። በዚያ ሰከንድ ማሽኑ 1.1 ሜትር ስለሚሄድ በየምልልሱ 6.3 ሴንቲ ይራመዳል። ለደረቀ ስንዴ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ድረስ ጥሩ ነው። 8 ካለፈ ቢላዋው ሳይደርስ አገዳው ይጎነበሳል፣ ፍሬው ይረግፋል። ከ5 ከወረደ ደግሞ ያለጥቅም ፈረስ ማድከም ነው። ዲፈረንሻላችሁ 3.9 ከሆነ የፊቱን ማርሽ 12 ጥርስ አድርጉት፤ ያው ቦታ ላይ ይመጣል። ፈረሶቻችሁ ከዚህ ቀርፋፋ ከሆኑም እንዲሁ በጥርስ አስተካክሉት።

ካቴናው የሚፈታበት ነገር የግድ ነው። ማሽኑ በመንገድ ሲሄድ ቢላዋው መመላለስ የለበትም። ቶርኖ ቤት ጥርሳም ማያያዣ አሠርታችሁ 45ቱን ማርሽ በማንሻ የሚገባና የሚወጣ አድርጉት። ማንሻው ነጂው ሳይወርድ የሚደርስበት ይሁን። ቢላዋው ውስጥ የተቀረቀረ ድንጋይ ወይም ገለባ ለማውጣት የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ማንሻውን ያወጣል፣ ከዚያ ፈረሶቹን ያስይዛል፣ ከዚያ ብቻ ነው ወደ ቢላዋው የሚጠጋው። ፈረስ ዝንብ ነክሶት አንድ እርምጃ ቢሄድ ቢላዋው ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ ጣትም ይቆርጣል። ይህን ማንሻ ሳላስገባ ማሽን ከሱቄ አስወጥቼ አላውቅም፣ ገዢው ዋጋ ቀንስልኝ ቢለኝም።

ቢላዋና ጣት

ሰው ሁሉ ገንዘቡን ሻሲው ላይ ያፈሳል፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ቢላዋዎች አንድ ረጅም ጀርባ ብረት ላይ ተደርድረው በሪቬት ይያዛሉ። ጣቶቹ ከታች ክንዱ ላይ ታስረው ወደ ፊት ይሾላሉ፤ እህሉን ከፍለው ይይዛሉ፣ ቢላዋው በመካከላቸው ሲያልፍ አገዳውን ከጣቱ የታች ስለት ጋር አጋጥሞ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ቢላዋ ብቻውን አይቆርጥም። ሁለት ስለት ተነካክተው ነው የሚቆርጡት።

ቢላዋዎቹን ራሳችሁ ለመሥራት አትድከሙ። የኮምባይነር ቢላዋ ከትራክተር መለዋወጫ ሱቆች ይገኛል። ከአንዱ ጣት መሃል እስከ ሌላው መሃል 76.2 ሚሊ የሆነውን፣ ማለት ሦስት ኢንቹን፣ ጠይቁ። ባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) ቆርጠን እንሠራለን የሚሉ አሉ፤ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ግን ወፍራም ስለሆነ ቀጭን አድርጎ ቀጥ ማድረጉና ግለቱን ማስተካከሉ ከአዲሱ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ለስንዴና ለገብስ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለውን ግዙ። የደረቀ አገዳ የሚያንሸራትት ነው፤ ጥርሱ ይይዘዋል። ማኮርሚክ ቀጥ ያለ ጥርሳም ቢላዋ ነበረው፣ ሃሲ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን፤ ዛሬ የምንገዛው ሁለቱን ያዋሐደ ነው። ጥርሳሙን በግራይንደር አትሳሉት፣ ሲያልቅ ይቀየራል።

ጣቱን ስትገዙ አገላብጣችሁ እዩ። ቢላዋው የሚያልፍበት ስንጥቅ ከኋላው ወደ ላይ ክፍት መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ጣቶች ይህ ስለሌላቸው ገለባው ውስጡ እየታጨቀ ቢላዋውን ያስቆመው ነበር። ሃሲ በ1847 የከፈተው መንገድ ይህ ነው፦ የገባው ገለባ በኋላ በኩል ራሱ እንዲወጣ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ማሽኑ ማሳው ላይ ቀኑን ሙሉ እንዲውል ያደረገችው ግን እሷ ናት።

ስፋቱ ስንት ይሁን? 12 ቢላዋ፣ 91 ሴንቲ ተኩል ገደማ። የውጭዎቹ ማሽኖች ከዚህ በእጅጉ ይሰፉ ነበር፤ የሚጎትቷቸው ግን ግዙፍ ፈረሶች ነበሩ። ፈረስ ሳይጎዳ ቀኑን ሙሉ የሚጎትተው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። የእኛ ፈረስ ቀላል ነው። «አንድ ሜትር ተኩል አድርግልኝ» የሚለኝ ሰው አለ፤ ፈረሶቹን አሳዩኝ እላለሁ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ጣቶቹን ክንዱ ላይ ካሰራችሁ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በታች ስለቶቻቸው ላይ ክር ወጥሩ። ከክሩ ከፍ ወይም ዝቅ ያለውን ጣት ቱቦ አስገብታችሁ አቅኑ ወይም ከሥሩ ቀጭን ሮንዴላ አግቡ። በጥድፊያ አትለፉት፤ አንድ ጣት ዝቅ ካለ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ያልተቆረጠ መስመር ይቀራል፣ ገበሬውም ቢላዋው ዶለዶመ ብሎ ያማርራል። ቀጥሎ ቢላዋውን አስገቡና እንዳይነሳ ከላይ የሚይዙትን መጫኛዎች እሰሩ። በመጫኛውና በቢላዋው መካከል ያለው ክፍተት ከሰጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ውፍረት ማነስ አለበት፤ ቢላዋው ግን በአንድ እጅ ሲሳብ መሄድ አለበት። ጥብቅ ከሆነ ይግላል፣ ከላላ ይነሳና አገዳውን ሳይቆርጥ በላዩ ያልፋል።

ከዚያ ዋናው ልኬት። ዘንጉን በእጃችሁ እያዞራችሁ ቢላዋው ቀኝ ጫፍ ሲደርስ አቁሙት። የእያንዳንዱ ቢላዋ መሃል ከአንድ ጣት መሃል ጋር መግጠም አለበት። ግራ ጫፍ ሲደርስም ከሚቀጥለው ጣት መሃል ጋር። በአንዱ በኩል ካለፈና በሌላው ካጠረ ቢዬላውን (ዘንጉ ሲዞር ቢላዋውን የሚገፋውንና የሚስበውን በትር) አስረዝሙት ወይም አሳጥሩት። ግማሽ ሴንቲ ስትስት በአንድ አቅጣጫ አገዳው ሳይቆረጥ ይታኘካል። ማሳ ላይ የምታውቁት በዚህ ነው፦ የተቆረጠውን አገዳ አንሱና ጫፉን እዩት። ንጹሕና ክብ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ጎን ተቆርጦ ሌላው ጎን እንደ ቃጫ ተበጣጥሶ ከወጣ፣ ቢላዋው ሳይሆን ልኬቱ ነው የተዛባው።

ቢዬላና ሚዛን

ቢላዋው 76.2 ሚሊ እንዲመላለስ ቮላኖው (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ያለው፣ ቢዬላው የሚያያዝበት ፔርኖ (ፒን) ከመሃሉ 38.1 ሚሊ መራቅ አለበት። ተክለ ሃይማኖት ያሉት የቶርኖ ባለሙያ ጋሼ መጀመሪያ ሥራውን ስወስድላቸው «38 ወይስ 38.1?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አንድ አሥረኛ ሚሊ ምን ታመጣለች?» ስላቸው «ልጄ፣ ዛሬ እዚህ የተውካት ነገ ጣቱ ጋ ትጠብቅሃለች» አሉ። ለቢላዋው እንኳ ያን ያህል አትከብድም፤ እሳቸው ግን በዚያ ጥንቃቄ ነው ኩሽኔታውንም ያስገቡት፣ ያ ኩሽኔታ ዛሬም ድምፅ የለውም።

ቢዬላውን ከብረት አትሥሩት። የድሮ ሠሪዎች ከጠንካራ እንጨት ነበር የሚሠሩት፣ ምክንያት ስላላቸው፦ እንጨት ንዝረቱን ይውጣል፤ ቢላዋው ድንጋይ ሲነክስም እሱ ይሰበርና ማርሹ ይተርፋል። የእኛ አገር ወይራ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው፣ የደረቀ ይሁን። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር አይነስ፤ ካጠረ ቢላዋውን ወደ ጎን መግፋቱን ትቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትተዋል። ሁለቱን ጫፍ በብረት ጠፍር አስራችሁ የነሐስ ቦኮላ (ፔርኖው የሚዞርበት ቀለበት) አስገቡ፣ ግራሶ መስጫ ቀዳዳም አብጁላቸው። ሁለት ትርፍ ቢዬላ ሠርታችሁ ለገበሬው ስጡት።

ሦስት ኪሎ የሚመዝን ቢላዋ በዚህ ፍጥነት ሲመላለስ በየጫፉ ላይ 35 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይመታል፣ በሰከንድ ከአሥራ ሰባት ጊዜ በላይ። ይህ ንዝረት ቡሎን ያላላል፣ ብየዳ ይሰነጥቃል፣ የነጂውን ወገብ ይጨርሳል። ቢላዋውን መዝኑ፤ የክብደቱን ግማሽ የሚያህል ብረት ቮላኖው ላይ ከፔርኖው ትይዩ በሌላኛው በኩል፣ ከመሃል እኩል ርቀት ላይ፣ በይዱ። ንዝረቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግን ማሽኑ ሲሄድ ውኃ የያዘ ኩባያ ሻሲው ላይ ይቆማል። ሁሉንም ዳዶ በሁለተኛ ዳዶ ቆልፉት።

ክንዱን ቀጥ አድርጋችሁ አትሰሩት። የውጭ ጫፉ ከውስጡ 2 ሴንቲ ያህል ወደ ፊት ይቅደም። እህሉ ሲገፋው ወደ ኋላ ይመለስና ያን ጊዜ ከቢዬላው ጋር መስመር ይይዛል። ሱቅ ውስጥ ቀጥ ያለ ክንድ ማሳ ላይ ጠማማ ነው።

ክንዱ ከሻሲው ጋር በማጠፊያ ይያያዝ። በ1850ዎቹ መጨረሻ ሉዊስ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ባለ ሁለት ጎማ ማሽን ላይ ይህን አድርጎ ነው ክንዱ የመሬቱን ውጣ ውረድ እንዲከተል ያስቻለው። ከሁለቱም ጫፍ በታች እንደ ጫማ የተጎነበሰ ላሜራ አስገቡ፤ ጠንከር ያለ ሞላ ከላይ ይያዘው። የውጭ ጫፉ በአንድ እጅ ከፍ የሚል ከሆነ ሞላው ልክ ነው።

መዘውሩ

ባለ ክንፍ መዘውሩ እህሉን ወደ ቢላዋው ያስጠጋል፣ የተቆረጠውንም ወደ ኋላ ወለሉ ላይ ያስተኛል። ዲያሜትሩ አንድ ሜትር፣ ክንፉ አምስት ቀጭን የእንጨት ሳንቃ ይበቃል። የክንፉ ጫፍ ከፈረሱ እርምጃ በሲሦ ገደማ መፍጠን አለበት። ከዚያ ከፈጠነ ዛላውን እየመታ ያራግፋል፣ ከቀረፈፈ ደግሞ እህሉን ወደ ፊት ይገፋል። በቢስክሌት ካቴና ከቀኙ ጎማ ጋር አያይዙት፦ ጎማው ላይ 14 ጥርስ፣ መዘውሩ ላይ 18 ጥርስ ያለው የቢስክሌት የኋላ ማርሽ። መዘውሩ በደቂቃ 27 ጊዜ ይዞራል፣ ልክም ይመጣል። የቢስክሌቱ ማርሽ ወደ ኋላ ስለማይዝ ፈረሶቹ ሲያፈገፍጉ መዘውሩ አይዞርም። የሚዞረው ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሆነ ካቴናውን ማጠላለፍ አያስፈልግም።

ከፍታው የሚስተካከል ይሁን። ክንፉ አገዳውን ከዛላው በታች ይንካው፤ ዛላውን አይንካው። አጭር ገብስ ላይ ዝቅ፣ ረጅም ስንዴ ላይ ከፍ።

ወለሉና ሰዎቹ

ከቢላዋው ኋላ የላሜራ ወለል ይኑር፣ በውጭ ጫፉም እህሉን የሚከፍል ሹል ሳንቃ። በፔዳል የሚዘነበል ወለል መሥራት ይቻላል፤ ለአንድ ነዶ የሚበቃ እህል ሲጠራቀም ነጂው ይረግጣል፣ እህሉ ወደ ኋላ ይወርዳል። ችግሩ የወረደው እህል የሚያርፈው በሚቀጥለው ዙር ፈረሶቹ በሚሄዱበት ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ተመልሶ ሳይመጣ መነሳት አለበት። ወንፈል የሚወጡትን ሰዎች በማሳው ዙሪያ አከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ርቀት ይሰጠው፣ በርቀቱ ውስጥ የወረደውን አስሮ ወደ ታጨደው በኩል ያርቀው። ይህ ሳይደራጅ ማሽኑ ከሰዎቹ ይቀድምና ቆሞ ይጠብቃል። በኋላ ጆን አፕልቢ በ1878 በሲባጎ ራሱ የሚያስር መሣሪያ ሠርቷል። ድንቅ ነው፤ ግን ቋጠሮ የሚሠራው ክፍል ብዙ ረቂቅ ቁራጭ አለው። እኔ አልጨምረውም። ገበሬው ቤቱ አጠገብ የማያስጠግነው ነገር ባይገባበት ይሻላል። ተሰብሮ የሚቀር ማሽን ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፦ ከሱቄ ብዙም ሳይርቅ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር አለ፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጡት የእንፋሎት ባቡር ተሰብሮ ቀርቶበት ነው ስሙን ያገኘው።

ጠመዳና የመጀመሪያ ሙከራ

ክንዱ በቀኝ ስለሚጎተት ማሽኑ ወደ ቀኝ መዞር ይወዳል። ምሰሶውን ቀኙ ፈረስ ያልታጨደውን እህል ሳይረግጥ እስከሚችልበት ድረስ ወደ ቀኝ አቅርቡት። ፈረሶቹ የሚስቡበት እንጨት መሃሉ ላይ በፔርኖ የሚዞር ይሁን፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ብቻውን እንዳይሸከም። ነጂው ሲቀመጥ ምሰሶው ሊነሳ የደረሰ ያህል ቀላል መሆን አለበት፤ ካልሆነ መቀመጫውን ወደ ኋላ ውሰዱት። የደረት ጠፍሩ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ጋሪ ላይ ትከሻው የቆሰለ ፈረስ ከዳነ በኋላ ብቻ ይጠመድ።

ማሽኑን መጀመሪያ ያለ እህል፣ ባዶ ሜዳ ላይ አስኪዱት። ፈረሶቹ ከኋላቸው የሚሰሙት ጩኸት አዲስ ነው፤ ሰው ልጓማቸውን ይዞ አብሮ ይሂድ፣ ቢላዋውም ሳይያያዝ ይጀመር። ሲለምዱት አያይዙት። ከዚያ ማሳው ጥግ ላይ ፈረሶቹ የሚገቡበትን መስመር በማጭድ አጭዳችሁ ክፈቱላቸው፣ ጠዋት ጤዛው ከተነሳ በኋላ ጀምሩ። እርጥብ አገዳ ይጠቀለላል።

ቢላዋው ሲሄድ የሚያንኳኳ ድምፅ ካለው የቢዬላው ቦኮላ ነው። ሽታ ካለው መጫኛው ጠብቋል። በአንድ መስመር ብቻ ሳይቆረጥ የሚቀር እህል ካለ እዚያ ያለውን ጣት እዩ። ከሙሉው ስፋት ላይ እኩል የሚቀር ከሆነ ፈረሶቹ ከተለካው ፍጥነት ዝቅ ብለዋል፤ አሳርፏቸው፣ ውኃ አጠጧቸው፣ በጅራፍ አትፈልጉት።

አዝመራው ሲያልቅ ቢላዋውን አውጡና አጽድታችሁ ግራሶ ቀቡት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ቢዬላውን ከጥላ ሥር ስቀሉት። የዲፈረንሻሉን ዘይት አፍስሳችሁ ጣታችሁ መካከል እሹት፤ የብረት ብናኝ ካንፀባረቀ ክረምቱ ሳይገባ ኩሽኔታዎቹን ቀይሩ።